ሦስት ሲጋራ የሚፈጅ ኮላ

ይድረስ አባታችን በሕይወት ሳለ «ምስማሬ» እያለ ይጠራው ለነበረው፣ ለቀጭኑና ለግትሩ ታናሽ ወንድሜ።

እንደምን ከርመሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብስ ይስማማሃል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትልቁ ልጅህ ድምፁ ጎርንኗል፤ ባለፈው ስደውል አንተ መስሎኝ «አንተ የማትረባ፣ ዛሬ ስልክ ማንሳት ተማርክ?» ብዬ ስወርድበት ዝም ብሎ ሰማኝና በመጨረሻ «አባቴን ልጥራልህ?» አለኝ። እንዴት እንዳፈርኩ! ይቅርታ በልልኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ በእናቱ ወጥቷል። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ጤነኛ ነው። የአንተን ናፍቆት ካልቆጠርነው የጎደለብን ነገር የለም።

ደብዳቤ በጻፍኩ ቁጥር «ጤናህስ?» እላለሁ፤ አንተም «ደህና ነኝ» ትለኛለህ፤ ሁለታችንም ለወጉ ያህል ነው። ዛሬ ግን የምሬን ነው የምጠይቅህ። ያ ግራ እግርህ እንዴት ነው? ከቤትህ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሦስት ጊዜ እየቆምክ ነው አሉ የምትደርሰው። አሞህ የቆምክ እንዳይመስልብህም የሱቅ መስኮት የምታይ ትመስላለህ አሉ። መቼ ነው ደግሞ አንተ የሴት ጫማ መምረጥ የጀመርከው? ማን ነገረህ ብለህ ቤቱን እንዳታምስ። ባለቤትህ ናት፤ ባለፈው ሳምንት እያለቀሰች ደወለችልኝ። እሷን ብትቆጣ እኔን እንደተቆጣህ ነው የምቆጥረው።

ሐኪሙ ያለህን አንድም ሳታስቀር ነግራኛለች። የእግርህ የደም ሥር ጠቧል፤ ያጠበበውም በአብዛኛው ሲጋራው ነው። ቀዶ ጥገና አለው፤ ግን እያጨስክ ቢሠራልህ መልሶ ይዘጋል ብሎ ይፈራል። ከስምንት ሳምንት በኋላ ያለው ቀጠሮህ ላይ አሁንም እያጨስክ ከመጣህ ነገሩ እየባሰ ሄዶ እግርህን እስከ መቁረጥ ሊያደርስ እንደሚችል ዓይንህን እያየ ነግሮሃል። አንተ ደግሞ «እሺ ዶክተር» ብለህ ወጣህና ሆስፒታሉ በር ላይ ለኮስክ። ቤት ስትገባም መታጠቢያ ቤት ዘግተህ፣ ቧንቧውን ከፍተህ፣ ጭሱን በመስኮት ታስወጣለህ። የውሃው ድምፅ ሽታውን የሚሸፍንልህ መስሎህ ነው? አርባ ስምንት ዓመትህ ነው እኮ!

ይህ ሁሉ አላስቆጣኝም፤ እኔም ሳደርገው የኖርኩት ነው። ልቤን የሰበረው ለባለቤትህ የተናገርከው ነው። «እኛ ቤት ሰው ሲጋራ የሚያቆመው ሲሞት ነው፤ አባቴን አይተሻል፣ ጋሼንም ታይዋለሽ» አልካት አሉ። እንግዲያው ስማ፤ ወንድም ጋሼህ አልሞተም፤ ሲጋራውን ግን አቁሟል። ዛሬ መቶ አስራ ሁለተኛ ቀኔ ነው።

ስቀህ ጨረስክ? እሺ ልቀጥል። ከዚህ በፊት አራት ጊዜ «አቆምኩ» ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውጄ፣ አራቱንም ጊዜ ሳምንት ሳይሞላኝ ከጎረቤት ክብሪት ስለምን እንደተገኘሁ ታውቃለህ። ስለዚህ በዚህኛው ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ባለቤቴ እንኳን ያወቀችው በአምስተኛው ቀን ነው፤ ያወቀችውም ጭሱ ስለጠፋ ሳይሆን ያለ ምክንያት በመጥረጊያ ላይ ስጮህ ሰምታኝ ነው። የጀመርኩት ያ ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ነበር። «እግሬን ትንሽ ያመኛል፣ ሐኪሙ ሲጋራው ነው ይላል፣ ሐኪም መቼም ሌላ ወሬ አያውቅ» ብለህ የጻፍከው። በአፌ ሲጋራ ይዤ ነበር የማነበው፤ አመዱ ወርዶ «ትንሽ ያመኛል» የሚለው ላይ ወደቀ። እፍ ብዬ አነሳሁት። እኔ ሳላቆም አንተን አቁም ብልህ በምን አፌ እናገርሃለሁ ብዬ ነው ቀድሜህ የገባሁበት።

ወንድሜ፣ የእንጨት ሥራ ቤታችን ትዝ ይልሃል? አሁንም እንደነበረ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ይንጣጣል፤ ጠዋት በሩን ስከፍት ሰጋቱራው በብርሃኑ መሐል ይንሳፈፋል። አባታችን በቀኝ ጆሮው ላይ እርሳስ፣ በግራ ጆሮው ላይ ሲጋራ ሳይሰካ ሥራ አይጀምርም ነበር። ያን ቀን ትዝ ይልሃል፣ ከደንበኛ ጋር እያወራ ሲጋራውን አንስቶ ጣውላ ላይ ሊያሰምርበት ሲታገል፣ «ይሄ እርሳስ ምን ነካው» ብሎ ጥሎት፣ ከዚያ እርሳሱን በአፉ ይዞ ክብሪት የጫረበት? የእርሳሱ ጫፍ ጠቆረ። እኛ ከጣውላው ክምር ጀርባ ሆነን ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ አየንና እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ሳሉ አልቆም ብሎት ተቀመጠ። ያኔ ሳሉን ማን ከቁም ነገር ቆጠረው? የሳቁ ጭራ ነበር የሚመስለን።

ሰዓት የሚባል ነገር እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም። «ሰጋቱራ ሰዓት ይበላል» ይል ነበር። እሱ ጊዜን የሚለካው በሲጋራ ነው። የወንበር እግር ኮላ ተቀብቶ በብረቱ ማጥበቂያ፣ በሞርሳ፣ ሲታሰር «ሦስት ሲጋራ ይፈጃል» ይለናል፤ ቫርኒሽ «ሁለት»፤ የቸኮለ ደንበኛ ሲመጣ «አንድ ሲጋራ ታገሰኝ» ይባላል። አንዱን ይለኩስና ሁለት ጊዜ ይምገዋል፤ የቀረውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ መጋዙን ያነሳል። ሲጋራው እዚያው ነዶ ያልቃል። ቆይቶ ቆይቶ ትዝ ሲለው ሌላውን ይለኩሳል። ሦስቱ ሲያልቁ ሞርሳው ይፈታል፤ ተሳስቶም አያውቅም። የሰፈሩ ወንበር ሁሉ በአባታችን ሲጋራ ልክ የደረቀ ነው። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በተርታ የቀሩትን የተቃጠሉ ጥቁር ምልክቶች አንተ ከዳር እኔ ከዳር ሆነን ስንቆጥር፣ መሐል ላይ ስንገናኝ ተጣልተን እንደገና የምንጀምረው ነገርስ?

እሱ ሲሞት ቤቱንም ልኬቱንም ወረስኩ። እዚህ ላይ ልብ ብለህ አንብብልኝ። አባታችን ሦስት የሚለው ኮላ ለእኔ አራት ሆነ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አምስት፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ደግሞ ስድስት። ኮላው ያው ኮላ ነው፤ ቆርቆሮው እንኳን አልተለወጠም። እኔ ግን «የዘንድሮ ኮላ ሰነፍ ነው» እያልኩ ለደንበኛ ሁሉ አወራ ነበር። በዚያው አንድ ሰዓት ውስጥ እየበዛ የሄደው የእኔ ሲጋራ መሆኑ አንድ ቀን እንኳን አልመጣልኝም። አንተስ? በአሁኑ ኮላ ስንት ደረስክ? አትንገረኝ፣ ለራስህ ብቻ ቁጠረው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነገር ባልነግርህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ዋሽቼ ላታልልህ አልፈልግም። ጭንቅላቴን እንደ ሞርሳ ያጠብቀዋል። እጄ በየደቂቃው ወደ ጆሮዬ ይሄዳል፤ የለም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሳሉ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። ልጄ እንኳን «አባዬ፣ አንተ ብታጨስ አይሻልም?» አለችኝ፤ አስበው፣ ልጄ ናት እንዲህ ያለችኝ። በዘጠነኛው ቀን ደግሞ ጉድ ሆንኩ።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ለስብሰባ አዳራሹ ስድስት ወንበር አዝዞኝ ነበር። አምስቱን ሲጋራ ከማቆሜ በፊት ጨርሻለሁ። ለስድስተኛው እግሮቹን ኮላ ቀባሁ፣ በሞርሳ አሰርኩ፣ ተቀምጬ መጠበቅ ጀመርኩ። በምን ልጠብቅ? ሲጋራ የለ፣ ሰዓት የለ። እንግዲህ ብልጠቴን ተመልከት፤ ሲጋራ ባላጨስም አራራው እየመጣ ይሄዳልና አራራውን እቆጥራለሁ አልኩ። አንዱ አራራ መጣ፤ ጥርሴን ነክሼ አሳለፍኩት፤ አንድ። ሌላው መጣ፤ ሁለት። እያላበኝ፣ እየተቁነጠነጥኩ ስድስት ሞላሁ። ለእኔ ግማሽ ቀን ነው የመሰለኝ። ሞርሳውን ፈታሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኩ፣ ጨርሼ ተሸክሜ ወሰድኩ። በኋላ ሳሰላው ለካ ሃያ አምስት ደቂቃ እንኳን አልሞላም ነበር! አራራ እኮ እንደ ሲጋራ ተራ ጠብቆ አይመጣም፤ አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባል።

ዳይሬክተሩን ታውቀዋለህ፤ ሰውነቱ ሞላ ያለ ነው፣ ክብሩንም ይወዳል። መምህራኑን ሰብስቦ ጠበቀኝ። «የእኛን ሰፈር የእጅ ሥራ ተመልከቱ፤ ይህ የአባትየው እጅ ነው» ብሎ ዙፋን ላይ እንደሚቀመጥ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ እግሩን አጣመረ፣ ወደ ኋላ ደገፍ አለ። አራቱም እግሮች በአራት አቅጣጫ ሄዱ። ዳይሬክተሩ መሬት፣ ፋይሉ አየር ላይ። ማንም አልሳቀም፤ ያ ነው የገደለኝ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ከኋላ አንዷ መምህርት መሐረቧን አፏ ውስጥ ስትጎስር አየኋት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሁሉ የከፋው ዳይሬክተሩ አቧራውን እያራገፈ ተነሳና ቀስ ብሎ «አባትህ ቢሆን…» ብሎ አቆመ። እሱ አልጨረሰውም፤ እኔ ግን መንገዱን ሁሉ ስጨርሰው ሄድኩ።

መጀመሪያ ባገኘሁት ሱቅ ነጠላ ሲጋራ ገዛሁና እዚያው ደጃፍ ላይ ለኮስኩ። ሐቁን ልንገርህ፤ ጣፈጠኝ። ከዚያ ስተረኩሰው ቅስሜ አብሮ ተተረኮሰ። ዘጠኝ ቀን ገደል ገባ፣ አበቃ፣ እኛ ቤት ሰው የሚያቆመው ሲሞት ነው አልኩ። አየህ፣ አንተ ለባለቤትህ ያልካትን ቃል እኔ ቀድሜ ለራሴ ብዬዋለሁ። ለዚህ ነው ስሰማው ጆሮዬ ጭው ያለው።

በነጋታው ሳሉን ላሳይ ብዬ መንገዳችን ዳር ያለችው ጤና ጣቢያ ገባሁ። ነርሷ ገና ልጅ ናት፤ ልጄን ብታክል ነው። እንደማትቆጣኝ ሳይ አፌ ተፈታና የወንበሩን ነገር ከነአራራ ቆጠራው ነገርኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስታበቃ «ስንት አጨስክ?» አለችኝ። «አንድ» አልኳት። «እንግዲያው ዘጠኙ ቀን የትም አልሄደም፤ ዛሬ አስረኛው ነው። መንገድ ላይ የተደናቀፈ ሰው ተነስቶ ይቀጥላል እንጂ ወደ ቤቱ ተመልሶ እንደገና አይነሳም» አለችኝ። እኔ ይህን በሃምሳ አራት ዓመቴ ከሕፃን ልጅ መስማቴ!

ቀጥላ ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልጻፍልህ፤ አንተም ወንበር ሠሪ ነህና ይገባሃል። ጢሱን ስትስበው ውስጡ ያለው ኒኮቲን የሚሉት ነገር በጥቂት ሰከንድ ጭንቅላት ይደርሳል። እዚያ መቀመጫ አለው። ሲቀመጥ ደስ ይልሃል፣ ትረጋጋለህ። ነገር ግን ባጨስክ ቁጥር ጭንቅላትህ መቀመጫ ይጨምራል። «አንተ ውጭ ወንበር ትሠራለህ፣ ውስጥህም ወንበር ሲሠራ ኖሯል» አለችኝ። ወንበሩ በበዛ ቁጥር የሚሞላው ሲጋራም ይበዛል፤ ሦስቱ ስድስት የሆነው ለዚህ ነው። ኒኮቲኑ ሲያልቅ ባዶው ወንበር ሁሉ ይጮሃል፤ አራራ የምንለው ያንን ጩኸት ነው። ታዲያ ደስታው ግማሹ ሲጋራው ራሱ ያመጣውን ጩኸት ዝም ማሰኘት ነው። እኛ ሲጋራ ያረጋጋናል ስንል፣ መጀመሪያ የረበሸን ማን ሆነና? ኒኮቲኑ ከሰውነት በጥቂት ቀን ይወጣል፤ የመጀመሪያው ሳምንት የሚከፋውም ለዚህ ነው። ከዚያ ወንበሮቹ በሳምንታት ውስጥ አንድ በአንድ ይነሳሉ። ጨርሶ የማይነሳው ልማዱ ነው አለች፤ እጅ፣ ጆሮ፣ ኮላ። «አንተ ሱስህን ከሥራህ ጋር በኮላ አጣብቀኸዋል፤ እሱን ሳታላቅቅ ሲጋራውን ብቻ ብትጥል ተመልሶ ይመጣል» አለችኝ። ከዚያ «አንድ አራራ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ታውቃለህ?» አለች። እኔ አንድ ሰዓት ያህል አልኳት። «ቤትህ ሂድና በሰዓት ለካው» ብላ ሸኘችኝ።

ባለቤቴ የወጥ ቤቷን ሰዓት ነቅላ አመጣችልኝ። አባታችን ቢያይ ምን ይለን ነበር? ከሞርሳው በላይ ሰቀልነው። ጠዋት የመጀመሪያው አራራ ሲመጣ ቀና ብዬ አየሁ፤ ተቁነጠነጥኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ጣውላ ከዚህ አንስቼ እዚያ አደረግኩ። ሲለቀኝ አየሁ፤ አራት ደቂቃ። እንደገና ለካሁ፤ አምስት። እንዴ! ለአራት ደቂቃ ነው ሠላሳ አምስት ዓመት የተገዛሁት? ባጨስም ያልፋል፣ ባላጨስም ያልፋል። ያን ቀን ልቤ ውስጥ የሆነ ነገር ተፈታ። ኮላውንም ለካሁት፤ ልክ አንድ ሰዓት። የዳይሬክተሩን ወንበር እንደገና ሠርቼ ወሰድኩለት፤ ግን ራሴ ቀድሜ ተቀምጬ፣ ተወዛውዤ፣ ዘልዬ ካላሳየሁት አልቀመጥም አለ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ቀስ በቀስ አላቀቅኩት። በግራ ጆሮዬ ላይ ሁለተኛ እርሳስ ሰካሁ። አፌ ሲበላኝ ስንጥር ነገር እነክሳለሁ። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ እለኩስ ነበር፤ አሁን ታጥቤ በቀጥታ ወደ ውጭ ወጥቼ እስከ መንገዱ ጥግ ደርሼ እመለሳለሁ። የሚያጨሱትን ጓደኞቼን «ለአንድ ወር አትምጡብኝ» አልኳቸው፤ ቅር አላቸው፣ ቆይተው ተመለሱ። ነርሷ የሚለጠፍ ፕላስተርና የሚታኘክ ማስቲካ አለ፣ ሰውነትን ቀስ እያለ ያላምዳል ብላኛለች። አንተ ግን የደም ሥር ሕመም ስላለብህ የራስህን ሐኪም ሳትጠይቅ ምንም እንዳትጀምር፤ ጠይቀው ግን። እርዳታ መጠየቅ ውርደት አይደለም፤ ውርደት ማለት በመታጠቢያ ቤት መስኮት አንገትን ማውጣት ነው።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። እኔን ከሲጋራ ጋር ያሰረኝ ኒኮቲኑ ብቻ አልነበረም። አባታችን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሳንባው አየር እምቢ ብሎት፣ ልጠይቀው ገብቼ ስቀመጥ «ከመጣህ ስንት ሲጋራ ሆነህ?» አለኝ። ጊዜውን መጠየቁ ነበር። ከሞተ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስለኩስ፣ ጭሱ ጣሪያው ሥር ሲጠራቀም፣ የገባ ይመስለኝ ነበር። ካቆምኩ ሽታው ከቤቱ ይጠፋል፣ እሱም ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። እንደ ሕፃን ነው፣ አውቃለሁ። በአርባኛው ቀን አካባቢ ግን አፍንጫዬ ተከፈተ። አንድ ጠዋት ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የአባታችንን ሽርጥ ላራግፍ አወረድኩት፤ ወደ ፊቴ አስጠጋሁት። ጥድ፤ ያ የሚታጠብበት ሳሙና፤ ላብ፤ ትንሽ ኮላ። ሲጋራ አልሸተተኝም። እሱ ነው፣ እሱ ራሱ፣ ትከሻው ላይ ተሸክሞን ወደ ቤት ሲወስደን የነበረው። ለካ አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲጋራዬ ነው እሱን የከለለብኝ። ሽርጡን አቅፌ ሰጋቱራው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አልዋሽህም።

ያን ቀን ነው ስለ አንተም ያሰብኩት። አስራ አምስት ዓመትህ ነበር። አባታችን ቁምሳጥን ሊያደርስ ሄዷል፤ እኔ ደግሞ የዛሬዋን ባለቤቴን ላያት ልቤ ቆሟል። የእናታችንን የምግብ ጠረጴዛ እግር ኮላ ቀብቼ በሞርሳ አስሬ ነበር። ኪሴ ገባሁና ሦስት ሲጋራ አውጥቼ ሰጠሁህ፤ «ሦስቱ ሲያልቁ ፍታው» ብዬህ ሄድኩ። አጭሰህ አታውቅም ነበር። እዚያ ቤት ጊዜ የሚቆጠረው እንዲያ ነው፣ ሌላ መንገድ አላሳየንህም። ስመለስ ፊትህ አመድ መስሎ፣ አስመልሶህ፣ ግድግዳውን ይዘህ ቆመሃል። ሞርሳውን ግን በሰዓቱ ፈትተኸዋል። «ጋሼ፣ ጠበቅኩልህ» አልከኝ። እኔም ሳቅኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህችን ታሪክ እንደ ቀልድ ሳወራት ኖርኩ፤ በሰርግህ ቀን እንኳን ተነስቼ አውርቼ ሰውን ሁሉ አስቄበታለሁ። አሁን አያስቀኝም። ሲጋራን ያስጀመርኩህ እኔ ነኝ፤ ለአንዲት ጠረጴዛ ስል። እናታችን ዛሬም በእሷ ላይ ነው የምትበላው፤ እግሯ ንቅንቅ አይልም። የአንተ እግር ግን በእኔ የተነሳ እዚህ ደረሰ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግልኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ቀን ቁረጥ፤ ቀኑን ለባለቤትህና ለልጆችህ ንገራቸው፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ኮትህ ኪስ ውስጥ የረሳኸውንም ጨምረህ አስወግድ። አራራው ሲመጣ ደግሞ ደውልልኝ። የትኛውም ሰዓት ይሁን። አራት ደቂቃ ነው፤ እሰድብሃለሁ፣ ስለ ዳይሬክተሩ እነግርሃለሁ፣ ካስፈለገም ዝም ብዬ ሰዓቱን እያየሁ «አንድ አለፈ፣ ሁለት አለፈ» እልሃለሁ። ብትወድቅም ደውል፤ ያን ቀን ቁጥርህን አልሰርዝብህም። ያኔ አንተ ለእኔ ጠበቅክልኝ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።

ባለቤቴ ሰላም ትልሃለች፤ እኔን ግን «ሰዓቴን መልስልኝ» እያለችኝ ነው። ልጄ «አጎቴ ስንተኛ ቀኑ ነው?» ብላ እንድጠይቅህ አዛኛለች፤ የእኔን ቀን ግድግዳ ላይ በጠመኔ የምትጽፈው እሷ ናት፣ ለአንተም ጎን ለጎን ቦታ ትታለች። እናታችንን ስለ እግርህ ምንም አንንገራት ብለን ተማምለን ነበር፤ ትናንት ሳህኗን እየገፋች «ግራው ነው ቀኙ?» አለችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም። ከዚያ በኋላ ያንን የጠረጴዛ እግር በእጇ ስትደባብስ አየኋት። ጉንጭህን ሳምልኝ ብላለች። ለባለቤትህ አክብሮቴን፣ ለትልቁ ልጅህ ይቅርታዬን፣ ለትንሿ ደግሞ ሁለት ጉንጯን ሙሉ መሳም አድርስልኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባለፈው ሳምንት መላጊያውን ስዬ የሥራ ጠረጴዛውን ጠርዝ ማስተካከል ጀመርኩ። የእኔን የሲጋራ ምልክቶች አንድ ሳላስቀር ላግኳቸው፤ ሥሩ ያለው እንጨት ነጭ ሆኖ ወጣ። የአባታችንን አልነካሁም፤ እነሱ ይኑሩ። ከሞርሳው አጠገብ አንዲት ብቻዋን ያለች፣ ጠልቃ የተቃጠለች አለች፤ ሦስቱን ሲጋራ በሰጠሁህ ቀን አንተ እንደ አባታችን ጠርዙ ላይ አስቀምጠህ የረሳኻት ናት። እሷንም ተውኳት። መላጊያው እንደተሳለ ከጎኗ ተቀምጧል። እኔ አልልጋትም። መጥተህ፣ በሁለት እግርህ ቆመህ፣ አንተ ራስህ ላጋት።

የሚወድህ፣ የሚሰድብህ ወንድም ጋሼህ

ከአባታችን እንጨት ቤት፣ ከሰዓቱ ሥር
እሁድ፣ ጥቅምት 9 ቀን፤ ካቆምኩ በመቶ አስራ ሁለተኛው ቀን